«ሎዛን እንዳትወርጂ»

ይህ የገጠመኝ የዛሬ ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ በዋለ አንድ ቅዳሜ ነው። ባቡር ጣቢያ ቆሜ ሰው በጠበቅኩ ቁጥር እስካሁን መዳፌን የሚያልበኝ በዚያ ቀን የተነሳ ነው።

የምኖረው ጄኔቭ ነው፤ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ልጄ ሶልያና ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ከእናቷ ከሰናይት ጋር ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ትኖራለች። እኔና ሰናይት ከተለያየን ቆይተናል። ተጣልተን አይደለም፤ ግን አናወራም። ስለ ልጅቷ አጭር መልእክት እንለዋወጣለን፣ በቃ።

ከሎዛን ወጣ ብሎ አንድ የድሮ መዝናኛ ፓርክ አለ። የአንድ ቤተሰብ ነው፤ አያትየው የከፈቱትን እስካሁን የልጅ ልጆቻቸው ናቸው የሚያንቀሳቅሱት። ከእንጨት የተቀረጹ ፈረሶች ያሉት መሽከርከሪያ አለው። ሶልያና የክፍል ጓደኛዋ ፎቶውን ካሳየቻት ወዲህ ወሬዋ ሁሉ ፈረስ ሆነ። ክረምቱን በሙሉ በስልክ ስናቅድ ከረምን። የትኛው ፈረስ ላይ እንደምትወጣ፣ ምን እንደምንበላ፣ ዝናብ ቢጥል የት እንደምንጠለል ሳይቀር።

ዕቅዱ እንዲህ ነበር። እሷ ከዙሪክ ብቻዋን በባቡር ትመጣለች፤ እኔ ሎዛን ጣቢያ ጠብቄ እቀበላታለሁ፤ ከዚያ በትንሿ ባቡር አብረን ወደ ፓርኩ እንሄዳለን። ብቻዋን ስትጓዝ የመጀመሪያዋ ነው። ሰናይት ብዙ አንገራግራ ነው የፈቀደችው። «አደራህን» ብላ ጻፈችልኝ።

ዓርብ ከሰዓት አለቃዬ ደወለ። የሥራ ባልደረባዬ ስለታመመ ቅዳሜ ጠዋት መግባት ነበረብኝ። ፓርኩን ወደ እሑድ እናዛውረው ብዬ አሰብኩ። ባቡሩ እንደሆነ ጄኔቭ ድረስ ይመጣል፤ ሳትወርድ ወደ እኔ ትምጣ። ሰው በሞላበት ትራም ውስጥ ሆኜ ደወልኩላት።

«ሶሊዬ፣ ነገ ጠዋት ሥራ እገባለሁ። ሎዛን እንዳትወርጂ፣ እሺ? ሎዛን እንዳትወርጂ!»

«ኦኬ፣ አባቢ!»

መስመሩ ተቋረጠ። ገብቷታል ብዬ መልሼ አልደወልኩም።

ቅዳሜ ከሥራ ወጥቼ እየሮጥኩ ጣቢያ ደረስኩ። ባቡሩ ገባ። ሻንጣ የሚጎትት፣ ጋሪ የሚገፋ ወረደ። መድረኩ ጭር አለ። ሶልያና የለችም።

ስልኳ ዝግ ነው። ባቡሩ ላይ ወጥቼ ከፉርጎ ፉርጎ እየሮጥኩ የመጸዳጃ ቤቶቹን በር ሳይቀር አንኳኳሁ። አንዲት ተቆጣጣሪ ሁኔታዬን አይታ ቀረበችኝ።

«ምን ለብሳለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

አላውቅም። ልጄ ምን እንደለበሰች አላውቅም።

ተቆጣጣሪዋ ለሌሎች ጣቢያዎች መደወል ስትጀምር እኔ የሰናይትን ቁጥር አውጥቼ አፈጥበት ጀመር። እንዲህ ፈርቼ ስልክ ደውዬ አላውቅም።

«ሰናይት፣ ሶልያና ከባቡሩ አልወረደችም።»

«ምን ማለት ነው አልወረደችም? እኔ ራሴ ነኝ ያሳፈርኳት! የት ነው ያለኸው?»

«ጄኔቭ።»

«ሎዛን አልነበር እንዴ የምትቀበላት?»

«ቀይሬዋለሁ። ሎዛን እንዳትወርጂ ብዬ ነግሬያታለሁ።»

ድምጿ ተሰባበረ። «ይቺ ልጅ እኮ እንዳትነኪ ስላት እንድትነኪ ያልኳት እየመሰላት የምትነካ ልጅ ናት! እንዴት ይህን አታውቅም?»

ለካ አንድ ፊደል ናት። እኔ እንዳትወርጂ አልኩ፤ ትራሙ እየጮኸ፣ እሷ እንድትወርጂ ብላ ሰማች።

በቀጣዩ ባቡር ወደ ሎዛን ሄድኩ። ሐይቁ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ ዓይኔ እንጂ ልቤ አላየውም። ያልመጣብኝ ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ሎዛን ስደርስም የለችም። ስሟን በድምፅ ማጉያ አስጠራሁ። ተጣሞ ሲጠራ ሰማሁት፤ ብቅ ያለ ግን የለም። ፖሊሶቹ ጋ ልሄድ ስል ስልኬ ጮኸ። ሰናይት ነበረች።

«ተገኘች! ፓርኩ በር ላይ ናት! አንዲት ሴትዮ ደወሉልኝ።» ታለቅሳለች። «እኔም ባቡር ውስጥ ነኝ፣ እየመጣሁ ነው።»

እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ሶልያና ከትኬት መስኮቱ ጀርባ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዳቦ በቸኮላት ትበላለች። አጠገቧ ያሉት ነጭ ፀጉር ሴትዮ የፓርኩ መሥራች የልጅ ልጅ ናቸው። ልጅቷ ሳትገባም ሳትሄድም ከበሩ ላይ ቆማ፣ መንገድ መንገዱን ስታይ አይተው መስኮታቸውን ዘግተው ወጡ። እሳቸው ፈረንሳይኛ፣ እሷ ጀርመንኛ። ሴትዮዋ ድሮ ትምህርት ቤት በተማሯት ጀርመንኛ እንደምንም ተግባቡ። በቃሏ የምታውቀው የእናቷን ቁጥር ብቻ ነበር።

አቅፌያት አለቀስኩ።

«አባቢ፣ ለምን ታለቅሳለህ?» አለችኝ ግራ ገብቷት። «እኔ አልጠፋሁም እኮ። ሎዛን ወረድኩ፣ አንተ የለም። ስልኬ ሞተ። ባንሆፍ፣ ባቡር ጣቢያው ላይ፣ ጠየቅኩ፣ መጣሁ። አንተ ነህ የዘገየኸው።»

ሰናይት ስትደርስ ከሩቁ እየሮጠች ነው የመጣችው። ልጅቷን እላይዋ ላይ ለጥፋ ብዙ ቆየች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ቁጣዋን ጠበቅኩ። ቀና ብላ አየችኝና «ምሳ በልተሃል?» አለችኝ።

አልበላሁም ነበር። ሦስታችንም አብረን በላን። ሶልያና ፈረሷን መርጣ ወጣች፤ የመዝጊያ ሰዓቱ ሲደርስ ሴትዮዋ ለእሷ ብቻ አንድ ዙር ጨመሩላት። እኔና ሰናይት አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን መጀመሪያ ስለ አየሩ፣ ቀጥሎ ስለ ልጅቷ፣ በኋላ ስለ ራሳችን ማውራት ያዝን።

አልታረቅን፣ አልተመለስን፤ እንደዚያ ያለ ነገር የለም። ግን አሁን እንደዋወላለን። ስሟን ስልኬ ላይ ሳየው ዛሬም ልቤ ድንግጥ ይላል። እሷም ይህን ስለምታውቅ፣ ሰላም ሳትለኝ በፊት ሁልጊዜ የምትጀምረው «ደህና ናት» ብላ ነው።