ለሎዌል የመጣ ፖስታ

ትሪና ኬስለር በዶንሊ ከተማ የእህል ጎተራ ውስጥ ሚዛን ትጠብቅ ነበር። ጎተራው ሲዘጋ ያለ ሥራ ቀረች። ሁለት ልጆች አሏት፤ ትልቁ አስም አለበት። የባሏ የሩስ ሥራ የጤና መድን የለውም። ፖስታ ቤቱ ለገጠሩ መስመር ተተኪ ፖስታ አዳይ እንደሚፈልግ መስኮቱ ላይ ሲለጥፍ፣ በማግስቱ ማመልከቻዋን አስገባች። ቋሚ የሆነ ሰው መድን ያገኛል።

የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ቨርሊን ጠረጴዛው ላይ ቁርሱን እየበላ ጠየቃት።

«ውሻ ትፈሪያለሽ?»

«ከአማቴ ጋር ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ።»

ቨርሊን አማቷን ስለሚያውቃት ማኘኩን አቁሞ ሳቀ። «በቀኝ ወንበር ተቀምጠሽ መንዳትስ?»

«ሞክሬ አላውቅም። እስከ ሰኞ እለምደዋለሁ።»

በእኛ አገር ተተኪ በራሱ መኪና ነው የሚያድለው። መሪው በግራ ነው፣ የፖስታ ሣጥኖቹ ደግሞ በመንገዱ ቀኝ። ስለዚህ ቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ግራ እግርን ወደ ፍሬኑ ዘርግቶ፣ በግራ እጅ መሪ ይዞ፣ በቀኝ እጅ ፖስታ ማስገባት ነው። ትሪና የፊት ወንበሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ የሆነውን የአማቷን አሮጌ መኪና ተውሳ፣ እሑድን ሙሉ በቆሎው በታጨደበት ማሳ ላይ ስትለማመድ ዋለች። ሁለት የአጥር ምሰሶ ጣለች።

«የመጀመሪያው ይሁን» አላት ሩስ። «ሁለተኛው ምን አደረገሽ?»

ሥልጠናው አሥር የሥራ ቀን ነበር። በመጨረሻው ቀን ቨርሊን የቅጥር ወረቀቷ ላይ ይፈርማል፣ ወይም አይፈርምም። ያሠለጠነቻት አርሊስ ናት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በዚሁ መስመር ሠርታለች። ጠዋት ቆመው ፖስታውን በመንገዱ ቅደም ተከተል የየቤቱ ስምና ቁጥር የተጻፈበት፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ክፍል ያለው መደርደሪያ ውስጥ ይለያሉ። ከዚያ ትሪና እየነዳች ስታድል አርሊስ ከኋላ ተቀምጣ ትቆጣጠራለች።

«ስም አታንብቢ። ቁጥር አንብቢ።»

«ሁሉንም ሰው አውቃለሁ እኮ።»

«ችግርሽም እሱ ነው።»

በሰባተኛው ቀን ብቻዋን እንድትወጣ ተፈቀደላት። በዘጠነኛው ቀን ሎዌል ዩርገንስ እርሻው በር ላይ፣ ሣጥኑ አጠገብ መኪናውን አቁሞ ጠበቃት። ሎዌል ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ነው። በመኸር ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ከሴት ልጁ ከኮኒ ጋር እዚያው መስመር ላይ ይኖራል፤ የእርሻው ቤት ባዶ ነው።

«ሁለት ቀን ሙሉ ምንም የለም» አላት።

«የኮኒ ሣጥን ውስጥ ነው ያስገባሁት። እንዳይደክሙ ብዬ።»

«ደከመኝ ብዬሻለሁ?»

«አይ፣ አላሉኝም።»

«አድራሻ ቀይሬያለሁ ብዬስ ፈርሜያለሁ?»

«አልፈረሙም።»

«ከኮኒ ቤት እዚህ ድረስ አሥራ አንድ ማይል የምነዳው ፖስታዬን ለማምጣት ነው። ፖስታ ከሌለ ኮኒ ‹ምን ልትሠራ ትሄዳለህ?› ብላ የመኪናውን ቁልፍ ትነጥቀኛለች። ያኔ ምን ልበላት?»

ሽማግሌው ባዶውን ቤት አየት አደረገ። «ለቨርሊን አልናገርም። ነገ ግን እዚሁ ላግኘው» ብሎ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ራሷ ለቨርሊን ነገረችው።

«ሎዌል ደወለ እንዴ?»

«አልደወለም።»

«ታዲያ ምን አስለፈለፈሽ? ነገ እኮ ነው የምፈርመው።»

«ሌላ ሦስት ቤትም እንደዚሁ አድርጌያለሁ። ሰዎቹ ያሉበትን ስለማውቅ ያሉበት ወሰድኩላቸው።»

ቨርሊን ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ መለሰው። «ነገ አልፈርምም። ከአርሊስ ጋር አንድ ሳምንት ጨምሪ።»

ሰኞ ጠዋት አርሊስ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ስሞች በሙሉ በወረቀት ሸፍና ቁጥሮቹን ብቻ ተወች። ትሪና የምታውቀውን አገር እንደማታውቀው ሆና ፖስታውን ለየች። ማክሰኞ ስድስት ተሳሳተች፤ ረቡዕ አንድ። ሐሙስና ዓርብ አንድም አልተሳሳተችም። ዓርብ ከሰዓት ቨርሊን ፈረመ።

የመጀመሪያ የሥራ ቀኗ ቅዳሜ ነበር። ሰማንያ ስምንተኛው ሣጥን የሎዌል ነው። ለእሱ የመጣው አንድ የእህል ዘር ሻጭ ማስታወቂያ ብቻ ነበር። አስገብታለት አለፈች።