ክቡሩ ኩሽኔታ

ማክሰኞ ንጋት፣ ዓዲግራት

ሾፌሩ ገና ሳይነጋ ጡሩንባውን ነፋ። ጉም፣ የናፍጣ ጭስ፣ በቆርቆሮ በለስ የደረደሩ ሴቶች። በሃያ አምስት ሳንቲም እስክጠግብ በላሁና ከረጢቴን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከላይ ጫነው ቢሉኝም እንቢ አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ መመንጠር አልፈልግም።

ከደሴ የተነሳሁት ብረት ፍለጋ ነው። የአልጋና የወንበር እግር ሠሪ ነኝ። እንጨቱን የማሽከረክረው በእግሬ እየረገጥኩ ስለሆነ ቀኝ ጉልበቴ አልቋል። ሐኪሙ መርገጡን ተው አለኝ። መርገጡን ከተውኩ እንጀራዬንም ተውኩ ማለት ነው። ስለዚህ በሞተር የሚዞር ቶርኖ በገዛ እጄ እየሠራሁ ነው። ሞተሩን ከተዘጋ ወፍጮ ቤት አገኘሁ፣ የቶርኖውን መቆሚያ ከወይራ ጠርቤ አቆምኩ። የቀረኝ ዘንጉ የሚዞርባቸው ሁለት ኩሽኔታዎችና ቺንጋው፣ የሞተሩ ጠፍር ማለት ነው፣ የሚጠመድበት አንድ ፑሌጃ ነው። የደሴው ነጋዴ ዋጋውን ሲነግረኝ የበሬ መስሎኝ ነበር። "አስመራ ሂድ፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደው ብረት በርካሽ ይገኛል" አሉኝ። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ከተባለች ጥቂት ዓመት ሆኗታል። መንገዱ ግን ደኅና አይደለም ይባላል። ጉልበቴም ደኅና አይደለም፤ ሄድኩ።

ማክሰኞ ረፋድ፣ ከሰንዓፈ ወደ ደቀምሓረ

ሰንዓፈ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ወታደሮቹ የአንዲትን ባልቴት የበርበሬ ስልቻ ሳይቀር በሳንጃ ወጉት። ሁሉም ያስነጥሳል፣ የሚስቅ ግን የለም።

ዓዲ ቀይሕ ላይ አንድ ወጣት ተሳፍሮ አጠገቤ ተቀመጠ። ርእሶም ልበለው። በአንድ የሳሙና ፋብሪካ ጸሐፊ ነው፤ አማርኛውን ከትምህርት ቤት ያመጣው ነው፣ ከጉሮሮው ቢወጣም ጥርት ያለ ነው።

"ኣያ፣ ለምን ጉዳይ ነው የሚሄዱ?"

ለምን ጠየቀኝ? ደላላ ነው፣ ወይም ጆሮ ጠቢ። "ዘመድ ጥየቃ" አልኩት።

"ዘመድዎ የት ሰፈር ነው?"

አንድም የአስመራ ሰፈር ስም አላውቅም። ላብ ላብ ሲለኝ አይቶ መጠየቁን ተወ። ደቀምሓረ ስንደርስ ሻሂ ጋበዘኝ፤ ሻሂው አፈታኝና ስለ ቶርኖዬ ነገርኩት። ሳቀ።

"ብረት ከሆነማ መደበር የሚባለው ገበያ ነው። የማይገኝ የለም። ሐሳብ አይግባዎት፣ ነገ አብሬዎት እሄዳለሁ። እኔ የምኖረው ማይ ጭሆት ሰፈር ነው፤ ሰው ቢጠይቁ ያሳዩዎታል።"

በነፃ? ለማያውቀው ሰው? ኮሚሽን እንዳለው ገባኝ።

ማክሰኞ ማታ፣ አስመራ

ከተማዋ ንጹሕ ናት። ንጽሕናዋም አስጠረጠረኝ። ዘንባባ፣ ብስክሌት፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌዎች። ቡና ቤት ገብቼ በአማርኛ ማኪያቶ ሳዝ ከጎኔ ያለው ጨዋታ ቀጥ አለ። ስወጣ እንደገና ቀጠለ። ያረፍኩት ወይዘሮ ጥሩነሽ የሚባሉ፣ ብዙ ዘመን እዚህ የኖሩ የጎንደር ሰው ፔንስዮን ነው። የበሩን ቁልፍ ሁለቴ አዙሬ ከረጢቴን ትራስ አደረግሁት።

ረቡዕ ጠዋት፣ መደበር

መደበርን ከማየቴ በፊት ሰማሁት። መዶሻ፣ መዶሻ፣ መዶሻ። በርሜል ምጣድ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ ጫማ ይሆናል፣ የጥይት ቀለሃ ማንኪያ ይሆናል። ርእሶምን ቃሉን ጠብቆ የገበያው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። አፌን በከፈትኩ ቁጥር በዙሪያዬ ያለው መዶሻ ይቆማል። ደግነቱ የዕቃው ስም ለሁላችንም አንድ ነው፤ ኩሽኔታም ፑሌጃም ጣሊያን ለደሴም ለአስመራም ያወረሰን ቃል ነው።

አደይ ለተብርሃን የተባሉ ሴት ዘንድ ወሰደኝ። የባላቸውን ሱቅ ይዘው የቀሩ፣ እጃቸው ግራሶ የጠጣ እናት ናቸው። አማርኛ አያውቁም። ሁለት ጥንድ ኩሽኔታ አወጡ። አንደኛውን የሚያብረቀርቀውን ራቅ አድርገው አስቀመጡ። ሁለተኛውን፣ ዝገት የነካውን፣ እኔ እግር ሥር ጣሉት።

ትግርኛ አልተማርኩም፤ ግን ዳዊት ደግሜያለሁ፣ ግዕዝ ደግሞ የሁለቱም ዘመድ ነው። ስለዚህ ጆሮዬን ቀስሬ መጠበቅ ጀመርኩ።

ሴትየዋ ወደሚያብረቀርቀው እያሳዩ "እዚ ክቡር እዩ" አሉ። ቀጥለው በጣታቸው ወደ እኔ፣ እንደመሰለኝ በቀጥታ ወደ እኔ፣ "እዚ ግን ሕሱር እዩ።"

ኅሱር! የተዋረደ፣ ክብር የለሽ! ደሜ ፈላ። ርእሶም እንኳ ይከላከልልኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አገጩን እያሻሸ፣ "ንዓኡ እቲ ሕሱር ይኣኽሎ" አላቸው። ለእሱ ኅሱሩ ይበቃዋል! ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

"ክቡሩን ስጡኝ!" ብዬ ጮህኩ።

ሴትየዋ ደንግጠው ርእሶምን አዩት። "ክቡር ድዩ ዝደሊ?"

"ኣያ፣ ቆይ፣ እሱ እኮ..."

"አንተ ዝም በል! እኔ ኅሱር አይደለሁም!"

አደይ ለተብርሃን ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ ጎረቤቶቻቸውም ተከተሏቸው። የተጠየቅሁትን ሳልከራከር ከፈልኩ። ለፑሌጃው የያዝኩት ገንዘብ አብሮ አለቀ። ርእሶምን "ኅሱርስ አንተ ነህ" ብዬው፣ ጉልበቴን እየጎተትኩ ወጣሁ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው እኔን ነው።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ፔንስዮን

የደረሰብኝን ስድብ ለወይዘሮ ጥሩነሽ ስነግራቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ሳቁ፣ እንባቸውን ጠረጉ።

"አይ ያንተ ዳዊት! በእነሱ ቋንቋ ሕሱር ማለት እኮ ርካሽ ነው። ክቡር ደግሞ ውድ። ልጁ ለዚህ ሰውዬ ርካሹ ይበቃዋል ነው ያለው። ዝገቱ በናፍጣ ይለቅልህ ነበር።"

ኩም አልኩ። አስተርጓሚ ሆኖልኝ፣ ሥራውን ትቶ፣ ለኪሴ አስቦ። እኔ ደግሞ በገበያ መሀል ኅሱር አልኩት። አፈርኩ፣ ከልቤ አፈርኩ። ኮፍያዬን አድርጌ ወደ ማይ ጭሆት ገሠገሥኩ፤ ወይዘሮ ጥሩነሽ ወጥ ቤት ስለነበሩ የት እንደምሄድ አልነገርኳቸውም።

ረቡዕ ወደ ማታ፣ ማይ ጭሆት

ባለ ሱቁን ርእሶም የሚባል፣ ሳሙና ፋብሪካ የሚሠራ አልኩት። "ኣይፈልጦን" አለኝ፤ አላውቀውም ማለቱ ነው። ውኃ የሚቀዱ ሴቶችን ጠየቅሁ። አላወቁትም። ሰው ቢጠይቁ ያሳዩዎታል ብሎኝ አልነበር? ዋሽቶኛል ማለት ነው ብዬ ልመለስ ስል፣ አንድ በር ገርበብ አለ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ብቅ አለች።

"ርእሶምን እየፈለግሁ ነበር" አልኳት።

"ኣይፈልጦን" አለች።

ከትከሻዋ በላይ ገበታው ይታየኛል። ርእሶም ተቀምጧል። የቆረሰውን ዳቦ በእጁ እንደያዘ ዓይን ለዓይን ተያየን። አልተነሳም። ሴትየዋ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ተቀየመኝ አልኩ። "ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት! ርእሶም!" ብዬ በሩ ላይ ጮህኩ። ከመንገዱ ወዲያ አንድ መስኮት ተዘጋ። ቀጥሎ ሌላው።

ፔንስዮን ተመልሼ ይህን ሳወራላቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ አልሳቁም።

"በአማርኛ? በስሙ እየጠራህ? በየቤቱ?" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የጎረቤቴን ልጅ እንዲህ የማይታወቅ ሰው መጥቶ እያጠያየቀ ፈለገው። በማግሥቱ ወታደሮች ወሰዱት፤ እናቱ እስከ ዛሬ በር በሩን ታያለች። ምን አደረግህ አንተ ሰው?"

እኔ እነሱን ስጠረጥር የከረምኩት ሰውዬ፣ ለካ የሚያስፈራው እኔ ነበርኩ።

ሐሙስ ንጋት፣ አውቶቡስ ተራ

ካፊያ ነው። ሰዉ በነጠላው ተከናንቦ ይጋፋል። ያቺ በሩን የዘጋችብኝ ነፍሰ ጡር ሴት ከሕዝቡ መሀል ወጥታ በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር እጄ ላይ አኖረች። ፑሌጃ ነው። የቺንጋው መስመር ሁለት፣ የዘንጉ ቀዳዳ በነገርኩት ልክ።

"ትናንት ተናደው ሲሄዱ እዚያው ገዛልዎት" አለች፣ ከእኔ በማይተናነስ አማርኛ። "ለቶርኖዎ።"

"እሱስ? ይቅርታ እንዳለኝ..."

"ሌሊቱን ወጥቷል። የት እንደሆነ እኔም አላውቅ።" እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። "ከእንግዲህ ስሙን አይጥሩት፣ አባቴ።"

ወዲያው በሕዝቡ መሀል ጠፋች። ቶርኖዬ ተሟልቷል፤ ጉልበቴም ሊያርፍ ነው። ደስ አላለኝም።

ሐሙስ ረፋድ፣ ደቀምሓረ ኬላ

አሥር አለቃው ከረጢቴን መሬት ላይ ዘረገፈው። ኩሽኔታዎቹን አለፋቸው። ፑሌጃውን ግን አነሳ፣ አገላበጠ፣ ጨርቁን አሸተተ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የቶርኖ ዕቃ ነው፣ ጌታዬ። እንጨት ሠሪ ነኝ።"

"ከማን ገዛኸው?"

"ከገበያ።"

"ገበያ ስም የለውም? የሰጠህ ሰው ማነው? ትናንት ማይ ጭሆት ሰው ስትጠይቅ የዋልከው አንተ አይደለህም?"

እስከዚያ ድረስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አሥር አለቃው የአገሬ ልጅ ነው፣ በቋንቋዬ ነው የሚያናግረኝ፣ ፊቱም ክፉ አይደለም።

"ተሳስተዋል፣ ጌታዬ" አልኩት። "እዚያ የማውቀው ሰው የለም።"