ድሃ ለመባል የከለከልኩት ውሃ

ከመካነ ሰላም በላይ ካለው ቀያችን የወጣን ዕለት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ቤቴን ጠረግኩ። ባዶ ቤት ምኑ ይጠረጋል ትሉኝ ይሆናል። የምመለስ መስሎኝ ነው፤ ደግሞም ቤቷን አቆሽሻ ጠፋች እንዳልባል ነው። በሬዎቹ አልቀዋል፣ በጎቹን በልተናቸዋል፣ ጎተራው ውስጥ አይጥ እንኳ አልቀረም። ለመንገድ ያለችን አንዲት እፍኝ ሁለት እፍኝ የገብስ ቆሎ ናት።

ልንነሣ ስንል የደብራችን ቄስ፣ አባ ወልደ ማርያም፣ ሊሰናበቱን መጡ። እሳቸውም ከሰውነት ወጥተዋል፤ ጥምጥማቸው ከራሳቸው የከበደ ይመስላል። ባሌ ደምሰው አየኝ፣ እኔም አየሁት። ደጃችንን የረገጠ ሰው አፉን ሳያብስ አይወጣም። ቆሎዋን በሰፌድ አቀረብኩላቸው። አባ ባረኩና ሦስት ፍሬ አነሱ። ሦስት። ቆጥሬያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ረጅም ጊዜ አኘኳቸውና “ጠገብኩ ልጄ፣ ይትረፍረፍላችሁ” ብለው ሰፌዱን ገፋ አድርገው መለሱልኝ። በእኛ አገር ሥርዓት ያለው የሚያቀርበው ብቻ አይደለም፤ የሚቀርብለትም አለው። የቤቱን ልክ አይቶ ነው የሚያነሣው።

ልጄን አልማዝን አዝዬ፣ በከላላ አድርገን፣ ወረኢሉ ድረስ በእግራችን ሄድን። መንገድ ላይ ያየሁትን አልጽፍም፤ ያያችሁት ታውቁታላችሁ። ከወረኢሉ ደሴ፣ ከደሴ ባቲ ደረስን። ባቲ ላይ ወደ አሰብ የሚወርድ ባዶ የጭነት መኪና አገኘን። ሹፌሩ በነፃ እንደሚያወርደን ሲነግረን ደምሰው ጠረጠረና “ምን ልትጭን ነው የምትወርደው?” አለው።

“ስንዴ። ከመርከብ ለእናንተ ለወሎዎች የመጣ።”

“ታዲያ እዚሁ ቁጭ ብለን ብንጠብቀውስ?”

ሹፌሩ ከላይ እስከ ታች አየን። “ብትጠብቁትማ ሲመጣ እናንተን አያገኛችሁም፤ መኪናው ላይ ውጡ ይልቅ” አለን። ወጣን። እንዲህ ነው ስንዴያችን ወደ እኛ ሲመጣ እኛ ወደ ስንዴው የወረድነው።

አሰብን ምን ብዬ ልንገራችሁ? እኛ አገር ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ጠዋት ሣሩ ይንኮሻኮሻል። አሰብ ንፋስ ሲነፍስ ይበርዳል ብለህ ፊትህን ብታዞር የምድጃ አፍ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ጨው ጨው ይላል፣ ሻዩም ጨው ጨው ይላል፣ እንባህም ከውሃው አይለይም። ዓሣ ካልበላህ ትራባለህ፤ እኔ መጀመሪያ ዓይኑን ሳይ ወጥቼ አስመለስኩ። ደምሰው ወደብ ገብቶ ኩሊ ሆነ። የሚሸከመውም ያንኑ ስንዴ ነው። እኔ ልብስ አጥባለሁ። ቤት ያከራየችን የባቲ ሴት ናት፣ እትዬ ሐሊማ፤ በረንዳዋ ላይ ሻይና ዳቦ የምትሸጥ፣ ኪራይ ስንዘገይ “አብሽሪ፣ ከሰማይ የሚዘገይ የለም” የምትል።

ንጉሡ ወረዱ፣ አብዮቱ መጣ፣ ቀበሌም ተቋቋመ። ደስ አለን እንጂ፣ ምን እዋሻለሁ። ድሃ በነፃ ይታከማል ተባለ። ልክ በዚያው ሰሞን ነው ደምሰው ጆንያ ሲያነሣ ብሽሽቱ ላይ አንጀቱ የወረደ። መጀመሪያ ሲተኛ ይመለስለት ነበር፤ ኋላ እምቢ አለ። ሆስፒታል ወሰድኩት። “ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል፤ ክፈሉ፣ ወይም ከቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት አምጡ” አሉን። የጠየቁትን ብር ስሰማ ሣቅሁ። ደምሰው እንኳ በዚያ ሕመሙ ሣቀ።

ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ወጣት ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፎርም ዘርግቷል።

“የወር ገቢሽ ስንት ነው?”

“እኔ ወር የለኝም ጌታዬ፣ ያለኝ ቀን ነው።”

“ጌታዬ የሚባል ቀርቷል። ጓድ በይ። የቀን ገቢሽስ?”

“ያጠብኩ ቀን አገኛለሁ፣ ያላጠብኩ ቀን አላገኝም።”

“ትናንት ስንት አገኘሽ?”

ትናንት ከአንድ የመርከብ ሰው ቤት የስድስት ሰው አንሶላ አጥቤ ነበር። መዋሸት አላውቅም፣ ነገርኩት። እሱም በሠላሳ አባዛውና “ከልኩ በላይ ነሽ” አለኝ።

“በሠላሳ? እሑድንም? ሚካኤልንም? ታምሜ የተኛሁበትንም አባዛኸው?” አልኩት። “እርስዎ” ስለው የነበረው እዚያው ላይ ነው የቀረ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሣቁ። እሱ ግን አልተቆጣም፤ ፎርሙን ገልብጦ “ጥርጣሬ ካለ አጣሪ ኮሚቴ ቤት ድረስ መጥቶ ያያል፤ ዓርብ ጠብቂ” አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ቤቴን ካዩማ አለቀ፣ ብዬ ነዋ።

ዓርብ ሦስት ሆነው መጡ፤ ሊቀመንበሩ፣ ደብተር የያዘ ጸሐፊ፣ አንዲት ከሴቶች ማኅበር የመጣች። ደምሰው ግድግዳ ሥር ሰሌን ላይ ተኝቷል። ገና “እንደምን ዋላችሁ” ሲሉ፣ ጥርሱን ነክሶ በክርኑ ተነሣና “የሺ፣ እንግዶቹን” አለኝ።

እንግዶች! አያችሁ፣ እኛ ሌላ ቃል የለንም። ደጅህን የረገጠ ሁሉ እንግዳ ነው። በጓሮ ወጥቼ እትዬ ሐሊማ ጋ ሮጥኩ። ትኩስ ዳቦ፣ ሻይ ከነስኳሩ፣ አንድ ሳህን ተምር ሰጠችኝ፤ የሚቀመጡበትን ምንጣፍም ከራሷ ወለል ላይ ጠቅልላ አሸከመችኝ። አቀረብኩ። “ብሉ በሞቴ” አልኩ። እንደ አባ ጥቂት አንሥተው “ይትረፍረፍ” የሚሉ መስሎኝ ነው። በሉ። ዳቦው እስከ ፍርፋሪው አለቀ። ተምሩን ፍሬ ፍሬውን ሳህኑ ላይ እየተፉ ጨረሱት። ሻይም ተደገመ።

ፊደል የቆጠርኩት ቄስ አባቴ ጉልበት ሥር ነው፤ በተገለበጠ በኩልም ቢሆን አነባለሁ። ጸሐፊው ደብተሩ ላይ “ዳቦ፣ ሻይ፣ ተምር፣ ምንጣፍ” ብሎ ሲጽፍ አየሁ። የበሉትን ሊከፍሉ የመዘገቡ መስሎኝ ተቆጣሁ።

“ጓድ፣ በእኛ ቤት የበላ አይከፍልም!” አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና “አይ፣ አንከፍልም” አለኝ።

ሰኞ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ አነበበልኝ፤ “ቤቱ ተጎብኝቷል። ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ዳቦና ተምር ቀርቦ ተገኝቷል። እንግዳ የማስተናገድ አቅም ያለው ቤተሰብ ስለሆነ ነፃ ሕክምና አይመለከተውም።”

“የበላኸው እኮ አንተ ነህ!”

“ያቀረብሽውስ አንቺ አይደለሽም?”

“ታዲያ ጦማችሁን ልሸኛችሁ ኖሯል?”

“ድሃ ብትሆኚ ጦማችንን ትሸኚን ነበር” አለኝ። እንዲህ ነው ያለኝ። ቃሉን አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

እትዬ ሐሊማን ይዤ ተመለስኩ። ጠረጴዛው ላይ በመዳፏ መታችና “ወላሂ ዳቦው የኔ ነው! ሳህኑ የኔ ነው! ምንጣፉ የምሰግድበት ወለል ላይ የነበረ ነው! ካላመንክ የተፋኸውን የተምር ፍሬ ቁጠረው፣ ጓሮዬ አለልህ!” አለችው።

እሱም ትንሽ አሰበና “የሚያበድር ጎረቤት ያለው ሰው አቅም የለውም አይባልም” አላት። እትዬ ሐሊማ እኔን አየችኝ። “ያ ረቢ፣ በኔ ምክንያት ሀብታም ተባልሽ” አለችኝ። እዚያው ሣቅን። ደጅ ስንወጣ ግን አለቀስን። ኮሚቴው ዳግመኛ የሚያጣራው ተራችን ሲደርስ ነው ተባልን።

ተራው እስኪደርስ ደምሰው እህል መያዝ አቃተው። ሆዱ ተነፋ። ማታ ማታ እንደ ልጅ ያቃስታል፤ ቀን ሰው ሲመጣ ግን “ደህና ነኝ፣ ተመስገን” ይላል። እኔ ደግሞ ያየኝ ሁሉ ሲመክረኝ ሰነበተ። ምክሩ አንድ ነበር፤ ምንም አታቅርቢ።

መጡ። ያው ሦስቱ። እኔ በር ላይ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። የሚቀመጡበት አልነጠፍኩም። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፤ የሴቶች ማኅበሯ ላብ በላብ ሆና “እህቴ፣ ውሃ ካለሽ” አለችኝ። እንስራዬ ከበሩ ሥር ነው። ውሃ አለበት።

“የለም” አልኳት።

ደምሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጸሐፊው ጻፈ፣ ደብተሩን ዘጋ፣ ሄዱ። እግራቸው ከራቀ በኋላ ነው፣ ሳይዞር፣ “የሺ፣ ከቀያችን ስንወጣ እንኳ ድሃ አልነበርንም። ዛሬ ሆንን” ያለኝ።

ወረቀቱን በማግሥቱ ሰጡኝ፤ ማኅተም ያለበት፣ “ድሃ መሆኑ ተረጋግጧል” የሚል። ደምሰውን በጋሪ ጭኜ ሆስፒታል አደረስኩት። ሐኪሙ ሆዱን ዳብሶ ወደኔ ዞረና “ከሁለት ሳምንት በፊት የት ነበራችሁ?” አለኝ። ምን ልበለው? “ሀብታም ነበርን” አልኩት። ያፌዝኩበት መስሎት ተቆጣኝ። ኦፕራሲዮን አደረጉለት፣ ነገር ግን አንጀቱ ውስጥ ውስጡን ሞቶ ነበር። ወረቀቱ ሦስት ወር ያገለግላል ይላል። ደምሰው የተጠቀመበት ሁለት ቀን ነው።

አሰብ ቀበርኩት፣ የውርጭ አገር ልጅ ከጨው መሬት ውስጥ። እዚያው አልማዝን አሳደግኩ፣ ዳርኩ። ኋላ አገር ለሁለት ሲከፈል እኛ ወደ ወዲህ፣ መቃብሩ ወደ ወዲያ ቀረ። እኔ አፋር ውስጥ ሎግያ ላይ ቆምኩ፤ ሙቀቱን ለምጄው፣ ብርዱን ናፍቄው። መካነ ሰላም ልመለስ ልመለስ እያልኩ የልጅ ልጅ አየሁ። የጠረግኩት ቤት ፈርሷል አሉኝ፤ ቢሆንም አንዳንድ ቀን በሩን እንዴት እንደዘጋሁት አስባለሁ።

ትናንት ታናሽ እህቴ አስካለ ከአገር ቤት ደወለች። ዓይኗን ሞራ ከጋረዳት ቆይቷል። አሁን የጤና መድን የሚባል መጥቷል፤ መክፈል የማይችለውን ቀበሌው እየለየ በነፃ ያስገባዋል። መልካም ነው፣ አልጠላሁም።

“እትዬ፣ ነገ ቤቴን ሊያዩ ይመጣሉ” አለችኝ፤ ድምፅዋ ደስ ብሎት። “አምስት ናቸው አሉ። ከጎረቤት እንቁላልና ጤፍ ተበድሬያለሁ። ጠላ ልጨምርበት ወይስ ይበቃል?”

“አስካለ፣ ምንም እንዳታቀርቢ” አልኳት።

“እንዴ! ደጄን ረግጠው? እትዬ፣ ቆላ ገብተሽ እንዲህ ሆንሽ?”

ልነግራት ፈለግሁ። ስለ እንስራው ልነግራት ፈለግሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ለማንም አልነገርኩም፤ ባልሽ በምን ሞተ ሲሉኝ በሕመም እላለሁ። ግን እንዴት አድርጌ ነው አንዲት የወሎ ቦረና ሴት ውሃ እንድትከለክል የምመክር? እሷ “ሃሎ፣ ሃሎ” ትላለች።

“እንቁላሉን መልሺ” አልኳት በመጨረሻ። “የገብስ ቆሎ ቁይላቸው። በሰፌድ አቅርቢ። ከዚያ ስንት ፍሬ እንደሚያነሱ እይልኝ።”

“በዚህ ዓይኔ?”

“እንግዲያ ሲያኝኩ ስሚ።”

ሣቀች፣ መስመሩም ተቋረጠ። ዛሬ ነው የሚመጡት። ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ከጭኔ አላነሳሁትም፤ ይኸው ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው።