ፕሮፌሰሩ የገዛ ጽሑፋቸው ሲጠፋባቸው

ይህ የሆነው አምና መጋቢት ላይ ነው። አንድ ዓመት አልፎታል፤ እኔ ግን የክፍሌን በር በከፈትኩ ቁጥር ያ ቀን ፊቴ ድቅን ይላል።

አዳማ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የቆዩ ሰነዶችን እጠብቃለሁ። ከሰነዶቹ አብዛኞቹ ቢዝነስ ያስተማሩኝ የአንድ ፕሮፌሰር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት እዚሁ ነው። ኮሌጁ ለክረምት ሲዘጋ ደግሞ ሁሩታና አቦምሳ እየሄዱ ከእህል ነጋዴዎች ጋር ይውሉ ነበር። ሱቅ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ አንዱ ሰንብቶ ሌላው ለምን እንደሚዘጋ ነበር የሚያጠኑት።

ነጋዴው ሲያወራ እኩል ለመጻፍ ሲሉ አማርኛውንና ኦሮምኛውን እየቀላቀሉ፣ ቃሉን እያሳጠሩ የሚጽፉት የራሳቸው አጻጻፍ ነበራቸው። ከእሳቸው ሌላ የሚያነበው ሰው አልነበረም። ጡረታ ስወጣ መጽሐፍ አደርገዋለሁ ይሉን ነበር። ጡረታ ወጡና ወረቀቱን ለእኛ አስረከቡ። ብዙም ሳይቆዩ ስትሮክ መታቸው።

የዚያን ቀን ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘነበች ጋር መጡ። ከዘራ ከመያዛቸው በቀር ደህና ናቸው። ንግግራቸው ተመልሷል፤ ልጆቼን በስም እየጠሩ ጠየቁኝ። መጽሐፉን ሊጀምሩ ነው ብዬ ደስ እያለኝ ካርቶኖቹን አወጣሁ። አንድም ወረቀት አልጎደለም፤ ምስጥም አልነካውም።

የሁሩታውን ሰጠኋቸው። ብዙ አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩት።

«የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ምን እንደሚል ግን አላውቅም።»

እትዬ ዘነበች ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አስረዱኝ። ከሕመሙ ወዲህ ማንበብ እንቢ ብሏቸዋል፤ ጋዜጣውም መጽሐፍ ቅዱሱም። የገዛ ጽሑፋቸውስ አይጠፋቸውም ብለው ነበር ያመጧቸው።

እኔ ላንብብልዎ ብዬ ጀመርኩ። «ሁሩታ» የሚለውን አነበብኩ። የነጋዴውንም ስም አነበብኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ቃል፣ ጭረትና ነጠብጣብ ነው። ፊደል በፊደል ጠራሁላቸው። ምን ማለት ነው ስላቸው እሳቸው መልሰው ምን ይሆን ይሉኛል። ሌላ ገጽ፣ ሌላ ካርቶን ሞከርን። ያው ነው።

ስለ ሁሩታው ነጋዴ የሚያስታውሱት ነገር እንዳለ ጠየቅኳቸው።

«መልኩ ዛሬም ፊቴ አለ» አሉ። «የነገረኝን ግን ጽፌዋለሁ ብዬ በልቤ አልያዝኩትም።»

ወረቀቶቹን አንድ ላይ ደርበው ጠርዙን በመዳፋቸው አስተካከሉ። ፀሐይ እንዳያገኘው አደራ አሉኝ። እሺ ብዬ ወረቀቶቹን ወደ ካርቶናቸው መለስኩ። እትዬ ዘነበች ክንዳቸውን ይዘው ወጡ።

አንዳንድ ተማሪዎች የፕሮፌሰሩን ሥራ ማየት እንፈልጋለን ብለው ይመጣሉ። አወጣላቸዋለሁ። ትንሽ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ይመልሱልኛል። እኔም ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ አንዳንዴ አንድ ገጽ ይዤ እታገላለሁ፤ እስካሁን አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር አልወጣልኝም። እሳቸው በስልክ ደህንነቴን ይጠይቁኛል እንጂ ወረቀቱን አንስተውብኝ አያውቁም። ቢያነሱብኝ ምን እንደምላቸው አላውቅም።