የእኔ ያልሆነው ፈትል

ዛሬ አንዲት የታመሙ እናት መረቁኝ፤ እኔ ግን አሜን ማለት አቃተኝ።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ አልጋ ላይ ከዋሉ ሰነበቱ። የሰፈራችን ሴቶች ጋቢ ልናሠራላቸው ተስማምተን ነበር። እያንዳንዳችን አንዳንድ ልቃቂት ልንፈትል፣ ስንፈትልም ክርስቲያኗ በጸሎት፣ ሙስሊሟ በዱዓ ልናስባቸው።

እኔ ከሥራ ስገባ ተከታታይ ፊልሜ ይጀምራል። (እንዝርቱ ሶፋው ስር ገባ፤ እኔም ብዙ አልፈለግኩትም።) ቀኑ ሲደርስ የተፈተለ ክር ከጨለለቅቱ ገበያ ገዝቼ "የኔ ነው" ብዬ ሰጠሁ።

ዛሬ ጋቢውን ወሰድንላቸው። በጣታቸው እየዳሰሱ ሄደው አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

"ይቺን ቀጭኗን ማን ነው የፈተላት?"

ሁሉም ወደ እኔ ጠቆሙ።

"አንቺ ልጅ! ስንት ቀን ብትጸልዪልኝ ነው እንዲህ የቀጠነችው? እጅሽ ይባረክ። በዚህ በኩል ደረቴ ላይ አድርጊልኝ።"

አደረግኩላቸው።

ክሩን የሸጠችልኝን የጨለለቅቱ ሴት ስሟን እንኳን አልጠየቅኳትም።

ይሄን የምጽፈው እንዝርቱን ከሶፋው ስር አውጥቼ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው። ጋቢው ግን አልቋል።

ያልደከማችሁበት ምርቃት የደረሳችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ፤ እውነቱን ተናገራችሁ ወይስ እንደ እኔ ጋቢውን አስተካክላችሁ ወጣችሁ?