የሀያት የአገዳ ባቡሮች

ዛሬ የልጄን የሀያትን አልጋ ሥር ስጠርግ የባቡሮቿን ካርቶን አወጣሁ። ከማሽላ አገዳ የሠራቻቸው ናቸው፤ አንዱንም ሳትጥል ታጠራቅማለች። ጎማቸው ቆርኪ ነው። የአንደኛው ጭስ ማውጫ ግን የጥይት ቀለህ ነው።

የደረቀው አገዳ ሽታ ቆቦ ያለውን የአጎቴን ደጅ አመጣብኝ። አጎቴ በጎልማሳነቱ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሠርቷል። ማሽላው ሲታጨድ አገዳውን ይልጥና በግራር እሾህ እያያያዘ ባቡር ይሠራልን ነበር። ቀኝ እጁ ላይ የቀሩት ሦስት ጣቶች ናቸው።

አንድ ቀን ለጎማ ይሆናል ብዬ ከማሳ ዳር ያገኘሁትን ክብ ብረት ይዤለት መጣሁ።

«እዚያው አስቀምጪው፣ ቀስ ብለሽ» አለኝ። ሳስቀምጥ ጠራኝና ሦስቱን ጣቶች አሳየኝ። «የኔ እናት፣ እኔም መጫወቻ መስሎኝ ነው ያነሳሁት፤ እጄ ላይ ፈነዳ። ብረት ሜዳ ላይ አይበቅልም፤ የጣለው ሰው አለ።»

«ታዲያ ጎማው በምን ይሠራ?»

«ያለ ጎማ ይቅር። ሐዲድ የሌለው የቆቦ ባቡር ደግሞ የት ሊሄድ ነው?»

ይህን ለሀያት ነግሬያት አላውቅም። እንዳላስፈራት ብዬ ነው።

ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ «እማ፣ ለአዲሱ ባቡር አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ስመለስ ከማሳው ዳር ፈልጌ አመጣለሁ» አለችኝ። ቆርኪ መስሎኝ «እሺ» አልኳት።

ተማሪዎቹ በደጄ ካለፉ ቆዩ፤ ሀያት ግን አልመጣችም። ነጠላዬን ጎትቼ በማሳው በኩል እየተጣራሁ ወጣሁ። አዲሱ ባቡር ካርቶኑ ውስጥ ነው፤ አናቱ ላይ በቀለህ ልክ ቀዳዳ ተበስቶለታል።