አራተኛው አባቴ የጠፋብኝ ቀን

ሕመሜ የጀመረው በራስ ምታት አይደለም፤ በአንድ ስም ነው። ከትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ የመጣ እንግዳ ቤቴ ተቀምጦ ነበር። እኛ ኑዌሮች የማናውቀው ዘመድ ሲመጣ፣ የእሱና የእኛ ሐረግ የት ላይ እንደሚገናኝ ለማወቅ አባቶቻችንን እንቆጥራለን። እሱ አሥር አባት ቆጠረ። ተራው የእኔ ሆነ። «ፒተር የቱት ልጅ፣ ቱት የቦል፣ ቦል የዴንግ፣ ዴንግ የ...» ብዬ ቆምኩ። በልጅነቴ እንደ ውሃ የጠጣሁት ስም ጠፋ። እንግዳው «ሙቀቱ ነው» አለኝ። ጋምቤላ ውስጥ በሙቀት የማይሳበብ ነገር ስለሌለ አብሬው ሳቅሁ። ወዲያው ግራ እጄ የያዘውን ብርጭቆ ለቀቀ።

ሆስፒታል ሄድኩ፤ ሐኪሟ የደም ግፊቴን ሁለት ጊዜ ለካች፤ ጅማ ሄጄም የአንጎል ሲቲ ስካን ተነሣሁ። «ጋሼ ፒተር፣ ትንሽ ስትሮክ ነው» አለችኝ። «ግፊቱ የአንጎልዎን ቀጫጭን የደም ሥሮች እየጎዳ ነው። ካልተቆጣጠርነው ዲሜንሺያ የሚባለውን የመርሳት በሽታ ሊያመጣብዎት ይችላል።» ክኒን ታዘዘልኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ስሙ ራሱ መጣ። ኮንግ! እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ «ጌታ ፈውሶኛል» ብዬ መሰከርኩ፤ ሕዝቡ እልል አለ። ስሕተቴ የጀመረው ሰኞ ነው። በጉባኤ ፊት ተፈውሻለሁ ያለ ሰው እንዴት ክኒን ይውጣል? አፈርኩ። መዋጡን ትቼ ክኒኑን ልብስ ሥር ደበቅሁት፤ ለባለቤቴ ለኛሯች እንኳ አልነገርኳትም። ቤተሰቡም «አንተ ዕረፍ» እያለ ሥራውን ሁሉ ከእጄ ወሰደ። በጀዊ ካምፕ የነበረኝን የመጋዘን ሥራ ትቼ ቀኑን ሙሉ ግቢያችን ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር መቀመጥ ሥራዬ ሆነ።

አንድ ጠዋት ከገበያ ስመለስ የባሮ ድልድይ ላይ ቆምኩ። ቤቴ በየት በኩል ነው? አላውቅም። ውሃውን አየሁት። ባሮን አውቀዋለሁ። ቤቴን አላውቅም። እንዳልጠይቅ ቃል ጠፋኝ። አለቀስኩ። ኛሯች ፈልጋ አገኘችኝ። እጄን ያዘች። «ና፣ ቤት በዚህ ነው» አለችኝ።

ሐኪሟ «መድኃኒቱን ማን ያቁሙ አለዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። «ጌታ በክኒን አይፈውስም ያለዎት ማን ነው? ክኒኑ የደም ሥሩን ይጠብቃል። አንጎሉን የሚያሠሩት ግን እርስዎ ነዎት።»

ከዚያ ወዲህ ክኒኔን ሳላቋርጥ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከኛሯች ጋር በባሮ ዳር እየተራመድን፣ በየጥቂት እርምጃው አንድ አባት እየጠራሁ፣ ሲያመልጠኝም እስኪመጣ ቆሜ እየጠበቅሁ በጋና ክረምቱ አለፈ። በሐኪሟ ትእዛዝ ዓሣዬ ጨው ሲቀነስበት መጀመሪያ አኮረፍኩ፣ በኋላ ለመድሁት። አጨሰው የነበረውን ሲጋራም ተውኩ። ከጎግ ወረዳ የመጣ አኝዋክ ጎረቤቴን ቋንቋህን አስተምረኝ ብዬ ለመንኩት፤ አነጋገሬን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ቃሉ ግን ይገባል። ሐኪሟ በሲቲ ስካኑ ፎቶ ላይ የተጎዳችውን ነጥብ እያሳየች «ይህ አይመለስም፤ ዙሪያው ያለው ግን ሥራውን ሊለምድለት ይችላል» አለችኝ። በሁለት እፍኝ የሚያዝ ሥጋ ውስጥ፣ አይቻቸው የማላውቅ አባቶቼ፣ መጠሪያቸው ከነበሩት በሬዎች ቀለም ጋር ይኖራሉ፤ አንዱ መንገድ ሲዘጋም ሌላ ይፈልጋል! እስካሁን ባሰብኩት ቁጥር ግርም ይለኛል።

እንደገና ለምስክርነት ቆምኩ፤ አሁን የክኒኑን እሽግ ከፍ አድርጌ። እልልታው ትንሽ ዘገየ። ከአምልኮ በኋላ ግን ሦስት ሰዎች ለየብቻ እየጠሩኝ፣ እነሱም ክኒን እንደደበቁ በሹክሹክታ ነገሩኝ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ግፊታችሁን ተለኩ። ሐኪም ሳትጠይቁ መድኃኒት አታቁሙ። ቤታችሁ የሚረሳ ሰው ካለ፣ አዘንንለት ብላችሁ ሥራውንና ጨዋታውን አትቀሙት። ይህን ሁሉ አድርጎም የሚረሳ አለ፤ ለእኔም ዋስትና የሰጠኝ የለም።

ሰሞኑን እየተራመድን ስቆጥር ሳላውቀው አንዱን ዘለልኩ። ኛሯች ቆመች። «ኮንግስ?» አለችኝ። እሷ የሌላ ጎሣ ልጅ ናት፤ የእኔን አባቶች የማወቅ ግዴታ የለባትም። ለካ አብራኝ ስትራመድ ሁሉንም ሸምድዳቸዋለች። «ብትረሳቸውም እኔ ጋ አሉ» አለችና መንገዷን ቀጠለች። ጌታን አመሰግናለሁ፤ ሐኪሟንም አመሰግናለሁ። ኛሯችን የማመሰግንበት ቃል ግን ስላጣሁ፣ የእሷን አባቶች ማጥናት ጀምሬያለሁ። ስድስተኛው ላይ ደርሻለሁ።